ቺፖችን ከአካላዊ ጥቃት መከላከል

የባንክ ካርድ፣ የሲም ካርድ፣ የክፍያ ማሽንና የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ቺፖች ምስጢራዊ ቁልፍ (መረጃ የሚመሰጠርበት ወይም የሚፈረምበት ቁጥር) እንደያዙ በማንም እጅ ይገባሉ። አጥቂው ቺፑን ላቦራቶሪ ወስዶ ያለ ችኮላ ሊበረብረው ስለሚችል፣ የመከላከያው ግብ ቁልፉን ለማውጣት የሚያስፈልገው ገንዘብና ጊዜ ከሚገኘው ጥቅም እንዲበልጥ ማድረግ ነው።

ማሸጊያውን መክፈት አይከብድም። የሚጨስ ናይትሪክ አሲድ የማሸጊያውን ፕላስቲክ፣ ኢፖክሲውን፣ ያሟሟል፣ አሴቶን ያጥበዋል፤ ውሃ ከገባበት ግን የቀጠነው አሲድ የአሉሚኒየም መገናኛዎቹን ይበላል። ስለዚህ ዋናው አጥር በራሱ በሲሊከኑ ላይ ይሠራል። የላይኛው የብረት ንብርብር ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ መረብ ይሆንና በአንዱ ጫፍ የዘፈቀደ ምልክት ይላክበታል፤ በሌላው ጫፍ የደረሰው ካልተመሳሰለ ቺፑ ቁልፉን ይሰርዛል። ሽቦዎቹ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ከተሰደሩ በአዮን ጨረር (ቺፕን በረቂቅ ደረጃ በሚቆርጥና በሚቀጥል ጨረር) ቆርጦ በአቋራጭ መቀጠል ይቻላል፤ መንገዱ የማይገመት ጠመዝማዛ መረብ እጅግ ይሻላል። መረቡ የሚሸፍነው ግን ፊቱን ብቻ ነው። የ1,064 ናኖሜትር ሌዘር በሳሳ ሲሊከን ውስጥ ስለሚያልፍ ጀርባውም በር ነው። በዚህ ምክንያት ሜሞሪውና የመረጃ መስመሩ ይመሰጠራሉ።

በይፋ ከሚታወቀው ዕውቀት መሠረታዊ የሆነው ብዙው ከ1996 እስከ 2002 የተገኘ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1996 ፖል ኮቸር ስሌቱ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ቁልፉን እንደሚያጋልጥ አሳየ። በዚያው ዓመት ዳን ቦኔ፣ ሪቻርድ ዴሚሎና ሪቻርድ ሊፕተን በአርኤስኤ (ቁልፉ በሁለት ምስጢራዊ ፕራይም ቁጥሮች ላይ በተመሠረተ የማመስጠሪያና የዲጂታል ፊርማ ስልት) ላይ ያገኙት የባሰ ነበር፦ ስሌቱን ለማፍጠን በሁለቱ ፕራይም ቁጥሮች ለየብቻ ሲሠራ፣ ከአንዱ ወገን ስህተት የገባበት አንድ ፊርማ ከትክክለኛው ጋር ተነጻጽሮ ቁጥሮቹን ለማውጣት ይበቃል። መድኃኒቱ ርካሽና ግሩም ነው፤ ቺፑ ፊርማውን ከማውጣቱ በፊት ራሱ ያረጋግጠዋል፣ ለማረጋገጫው የሚያገለግለው ይፋዊ አርቢ (ኤክስፖነንት) ብዙ ጊዜ 65,537፣ ማለትም ትንሽ ቁጥር፣ ስለሆነ የሚባክነው ጊዜ ጥቂት ነው።

በ1999 ኮቸር፣ ጆሹዋ ጃፍና ቤንጃሚን ጀን የኃይል ፍጆታን በመለካት ቁልፍ የማውጣትን ስልት አሳተሙ። መልሱ ምስጢሩን በዘፈቀደ ቁጥር ለሁለት መክፈል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነገር አለ፦ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ሁለቱን ክፍሎች በተከታታይ በአንድ ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ አነስተኛ ማከማቻ) ካስቀመጠ፣ የተለወጡት ቢቶች ብዛት የተሸፈነውን ምስጢር መልሶ ያሳያል። ኮዱን በማንበብ ብቻ አይታወቅም፤ በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክት መለኪያ) መለካት ግድ ነው። በ2002 ሰርጌይ ስኮሮቦጋቶቭና ሮስ አንደርሰን የካሜራ ፍላሽ ብርሃንን በማይክሮስኮፕ አሳርፈው የሜሞሪ ቢት ገለበጡ፤ የብርሃን ሴንሰር አስፈላጊነት ከዚያ ወዲህ አላከራከረም።

የቮልቴጅ ሴንሰር ገደብ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጠበበ በቆሸሸ ካርድ ማንበቢያ ላይ ቺፑ ያለ ጥፋቱ ይዘጋል፤ ከሰፋ አጥቂው ስሌቱን ለማሳሳት የሚልከው አጭር የቮልቴጅ ምት ያልፋል። ስለዚህ ወሳኝ ፍተሻ ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ውጤቱም በ0 እና 1 ምትክ ብዙ ቢቶቻቸው በሚለያዩ ቁጥሮች ይመዘገባል።

ቁልፉን በባትሪ በሚሠራ ራም (ኃይል ሲቋረጥ ይዘቱን በሚያጣ ሜሞሪ) የሚይዙ መሣሪያዎች ሌላ ደረጃ ናቸው፤ አይቢኤም 4758 የተባለው የማመስጠሪያ መሣሪያ በ1998 የአሜሪካን መንግሥት የደህንነት መስፈርት የፊፕስ 140-1 ከፍተኛ ደረጃ፣ 4ኛውን፣ አግኝቷል። ራም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ ኃይል ተቋርጦበትም ይዘቱን ሊያቆይ ስለሚችል፣ ሴንሰሩ ቅዝቃዜ ሲሰማው ቁልፉ ወዲያው ይሰረዛል። ቁልፍ ለዓመታት በአንድ ቦታ ከተቀመጠም አሻራው ስለሚቀር፣ ቢቶቹን በየጊዜው መገልበጥ ያሻል።

ቁልፉን ከራም ሴሎች የተፈጥሮ ልዩነት የሚያመነጨው ዘዴ አይቀዳም ይባል ነበር፤ በ2013 የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአዮን ጨረር ቅጂውን ሠርተዋል። ቢሆንም ኃይል ሲጠፋ የሚነበብ ቁልፍ ስለማይኖር ጥሩ ዘዴ ነው። ሴሎቹ በሙቀት ስለሚዋዥቁ የስህተት ማረሚያ መረጃ አብሮ ይቀመጣል፤ ይህም መረጃ እንዳይነካካ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።