የትንሽ ኮምዩን «የሕዝብ ዕድገት» ምንድን ነው?

«ይህች የፈረንሳይ ገጠር ኮምዩን በአንድ ዓመት በ8 በመቶ አደገች፤ ከተሜው ወደ ገጠር እየጎረፈ ነው» የሚል አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። ኮምዩን ማለት የራሱ ከንቲባ ያለው የፈረንሳይ ትንሹ የአስተዳደር ክፍል ነው። ጸሐፊው ቁጥሩን አልፈጠረውም፤ ምን እንደሚለካ ግን አልጠየቀም።

አብዝቶ የሚያናድደኝ «በአንድ ዓመት» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከ10,000 በታች ነዋሪ ያለው ኮምዩን ሙሉ ቆጠራ የሚደረግለት በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በየዓመቱ ከእነዚህ ኮምዩኖች አንድ አምስተኛው ተራ ይደርሰዋል። በኮቪድ ምክንያት የ2021 ዙር ሲተላለፍ ክፍተቱ ስድስት ዓመት ሆኖ ነበር። የስታቲስቲክስ ተቋሙ ኢንሴ ግን ለሁሉም በየዓመቱ ይፋዊ የሕዝብ ቁጥር ያወጣል። በመካከል ያሉት ዓመታት የሚሞሉት በስሌት ነው፤ ይፋ የሚሆነው ቁጥርም የሚያሳየው ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን ነው። ታዲያ አስተያየት ሰጪው የትኛውን «አንድ ዓመት» አየ?

ቀጥሎ መቶኛው አለ። ስኒ ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ ብትጨምሩ ሞልቶ ይፈሳል፤ ጋን ላይ ብትጨምሩ ማንም አያስተውልም። ማንኪያው ግን ያው ነው። 88 ነዋሪ ባለበት ኮምዩን ባልና ሚስት ከአራት ልጆቻቸውና ከአያታቸው ጋር ቢገቡ፣ ሰባት ሰው ብቻ ተጨምሮ 8 በመቶ «ዕድገት» ተመዘገበ። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ድሮም በሚባለው አውራጃ የምትገኘው የሮሽፉርሻ ኮምዩን ለዓመታት በመዝገብ የነበራት ነዋሪ አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ቢጨመር መቶ በመቶ ልትባል ነው። ስኒው ውስጥ የምናየው ደግሞ በአምስት ዓመት አንዴ ነው፤ በመካከሉ ስንት ማንኪያ ገብቶ ስንት እንደተቀዳ አናይም። ሁለት ኮምዩኖች ሲዋሃዱም ሁለት ስኒ ወደ አንድ ተገለበጠ እንጂ አንድ ጠብታ አልተጨመረም።

«ከተሜው እየጎረፈ ነው» ለማለት ወሊድና ሞትን ከፍልሰት መለየት ይገባል። ወሊድና ሞት በማዘጋጃ ቤት ይመዘገባሉ። የውስጥ ፍልሰትን ግን የሚመዘግብ የነዋሪዎች መዝገብ ፈረንሳይ ውስጥ የለም፤ ከጠቅላላው ለውጥ ወሊድና ሞት ተቀናንሶ የሚተርፈው ነው ፍልሰት የሚባለው። ኢንሴ ራሱ የፍልሰት ሚዛኑን (የገባው ከወጣው ሲቀነስ) «የሚመስለው» ብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ የቆጠራ ስሕተት ሁሉ የሚወድቀው እዚያው ላይ ነውና።

የፓሪስ ሰው በነሐሴ ብቻ የሚከፍተው የዕረፍት ቤት ነዋሪ አይጨምርም። ባለቤቱ ጡረታ ወጥቶ ጠቅልሎ ሲገባበት ግን ይቆጠራል።

ስለዚህ መቶኛውን ትታችሁ የሁለት ሙሉ ቆጠራዎችን የሰው ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ከዚያ ሰባቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። 88 ሰው ባለበት ኮምዩን ከንቲባው በስም ያውቃቸዋል።