ስለ 12ኛ ክፍል ወላጆች የሚሉትና እውነታው

ወላጅ የልጁን ትምህርት የሚለካው ራሱ በተፈተነበት ዘመን ነው። አባት ማትሪክ ተፈትኖ ከሆነ ዛሬም “ስንት ነጥብ አመጣህ?” ሲል በአእምሮው ያለው ከአራት ነው። እናት ከ1993 ወዲህ ከተማረች የምትፈራው 10ኛ ክፍልን ነው። ታላቅ እህት ደግሞ ፕሪፓራቶሪ ገብታ፣ የዓመቱን መቁረጫ ነጥብ ጠብቃ ነው ዩኒቨርሲቲ የሄደችው። ሦስቱም ሳሎን ቁጭ ብለው ልጁን ይመክሩታል፣ ከዱባይ የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልከው አክስትም በስልክ ትጨምርበታለች፤ ልጁ የሚማረው ግን ከእነሱ አንዳቸውም ባላለፉበት ሥርዓት ነው። ምክሩ ከልብ ነው፣ ግን ጊዜው አልፎበታል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

“10ኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ አለ፣ እስከዚያ ብዙ አታስጨንቁት”

የለም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው። አሁን ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃ (7ኛና 8ኛ)፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነው። 6ኛ እና 8ኛ ላይ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች የሚያወጡት ፈተና አለ። ከዚያ በኋላ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ድረስ ልጁ የት እንደደረሰ ከውጭ መጥቶ የሚነግራችሁ ብሔራዊ ፈተና የለም። በፊት 10ኛ ክፍል ላይ የተንሸራተተ ልጅ ቢያንስ በጊዜ ይታወቅ ነበር። አሁን ችግሩ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ፣ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፣ ያኔ ደግሞ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ክፍተት በሁለት ወር ጥናት አይሞላም። ስለዚህ ማስጨነቅ ካለባችሁ ከ9ኛ ጀምሩ። ለአስጠኚ የምትከፍሉትን ገንዘብ ለ12ኛ ክፍል የምታጠራቅሙ ከሆነም ግማሹን ወደ 9ኛና 10ኛ አምጡት።

“የክፍል ውጤቷ 92 ነው፣ ከክፍሏ ሦስተኛ ናት፣ ምን ያሰጋኛል?”

ይሄ በጣም ብዙ ቤት ያስለቀሰ ነው። የትምህርት ቤት ውጤት በብሔራዊ ፈተናው ላይ አይደመርም። ትራንስክሪፕቱ ምንም ያህል ቢያምር ማለፍና አለማለፍ የሚወሰነው በፈተናው ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ያየነው ደግሞ በ2014 ተፈታኞች ነው። ከዚያ በፊት ፈተናው ይሰረቅ ነበር፤ በ2008 እንዲያውም ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተሰራጨ ተሰርዞ ሌላ ቀን ተሰጠ። ኩረጃውም የአደባባይ ምስጢር ነበር። የ2014 ተፈታኞች ከትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድረው እንዲፈተኑ ተደረገ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አዎ፣ ከመቶ ሦስት ምናምን። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፣ ግን አሁንም ከመቶው ከዘጠና በላይ አያልፍም። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ያላሳለፉበት ዓመትም አይተናል። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥም አንደኛ የወጣ ልጅ፣ ሽልማት የተሰጠው ልጅ ነበር።

እና ደረጃዋን ሳይሆን የፈተና ወረቀቷን እዩት። ጥያቄው ከመጽሐፉ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው ወይስ አስቦ መመለስ የሚጠይቅ? ያለፉ ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ወረቀቶች በየቴሌግራሙ ሞልተዋል። አንዱን አውርዳችሁ ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልኳን ወስዳችሁ አስቀምጧት። በዚያ ቀን የምታመጣው ቁጥር ከሪፖርት ካርዱ ይልቅ እውነቱን ይነግራችኋል።

“በየትምህርቱ 50 ማምጣት አለበት”

አይደለም። የሚታየው ድምሩ ነው። ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ የሚለካበት ፈተና) ለሁሉም፣ ከዚያ ለናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ለሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ከ600 ነው የሚታሰበው፣ ማለፊያው 300። አንድ ልጅ እንግሊዝኛ 61፣ ሒሳብ 38፣ አፕቲትዩድ 58፣ ፊዚክስ 41፣ ኬሚስትሪ 49፣ ባዮሎጂ 57 ቢያመጣ በሦስት ትምህርት ከግማሽ በታች ነው፣ ድምሩ ግን 304፤ አልፏል። ይህን ያልገባው አባት ልጁን ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ላይ ብቻ ቀርቅሮት ይከርማል። አፕቲትዩድንና እንግሊዝኛን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፤ ከ600 ሁለት መቶው ያለው እዚያ ነው!

“ሪሚዲያል ደርሶታል፣ አለፈ ማለት ነው”

ገና ነው። ሪሚዲያል 50 በመቶ ላላመጡ፣ ግን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚቆርጠውን ዝቅተኛ ነጥብ ላሟሉ ልጆች የተከፈተ የማካካሻ ትምህርት ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባል፣ ዶርም ያገኛል፣ ፎቶ ይልካል። እናትም በሰፈሩ “ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ” ትላለች፣ ማን ይፈርድባታል። ግን ልጁ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ አይደለም። የሪሚዲያሉን ፈተና ካላለፈ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ድግሱን ለፍሬሽማን አቆዩት።

“ኦንላይን ስለሆነ ቤት ቁጭ ብሎ ይፈተናል”

ኧረ በፍጹም። ኦንላይን ማለት ወረቀትና እርሳሱ ቀርቶ ኮምፒውተር ላይ መልሱን ይመርጣል ማለት ነው እንጂ ፈተና ጣቢያ መሄዱ፣ መፈተሹ፣ ስልክ ይዞ አለመግባቱ አይቀርም። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ካላችሁ ግን ከወዲሁ ያለማምዱት። ኢንተርኔት ቤት ወስዳችሁም ቢሆን።

“ናቹራል ለጎበዝ፣ ሶሻል ለሰነፍ”

ይሄ ደግሞ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ የሚማሩት ከየት የመጡ መሰላችሁ? ሶሻልም ሒሳብ ይፈተናል። ምርጫው የሚደረገው 11ኛ ክፍል ሲገቡ ስለሆነ ልጁ ፊዚክስ እያንገሸገሸው ለጎረቤት ክብር ሲባል ናቹራል አትክተቱት፤ ዋጋውን ከላይ ባሰላነው ድምር ላይ ታገኙታላችሁ።

“ካልሞላለት በግል ኮሌጅ ዲግሪ አስጀምረዋለሁ”

ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይሄኛው ነው። ለዲግሪ የመግቢያ መስፈርቱ ለመንግሥትም ለግልም ነው። ውጤቱ ያልሞላለትን ልጅ “ግድ የለም፣ እናስተካክላለን” ብሎ የሚመዘግብ ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ክፍያውን ይዛችሁ ውጡ። ተቋሙ ዕውቅና እንዳለው፣ ዕውቅናውም ልጁ ሊማርበት ላሰበው መስክ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። አንድ ኮሌጅ በአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው በነርሲንግም አለው ማለት አይደለም። ይህን የማያጣራ ሰው አራት ዓመት ከፍሎ ዲግሪው ሲጣራ ዋጋ የለውም ይባላል።

“ቴክኒክና ሙያ የወደቀ መጣያ ነው”

እስቲ ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ወይም የመኪና ኤሌክትሪሽያን ፈልጋችሁ ለቅዳሜ ቅጠሩ። ተገኝቶ ነው? ሥልጠናው በደረጃ ነው የሚሄደው፣ በየደረጃውም ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና አለ፤ ሲኦሲ ሳያልፉ ሠለጠንኩ ማለት ብዙም አያዋጣም። ወደ ላይ መንገዱም አልተዘጋም፣ አዲስ አበባ ያለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በዘርፉ እስከ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያም በላይ ያስተምራል። ከምር የምመክረው፣ ልጁ ሪሚዲያልም ካልደረሰው አንድ ዓመት ቤት አስቀምጣችሁ ከምታስኮርፉት የሚወደውን ሙያ ጠይቁት።

“ዩኒቨርሲቲ ከገባ በቃ፣ ተመረቀ”

በፊት እንደዚያ ይባል ነበር፣ የገባ ይወጣል። አሁን መጀመሪያ የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት የፍሬሽማን ዓመት አለ፣ ዲፓርትመንት የሚመደበው ከዚያ በኋላ ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ፤ ለመንግሥትም ለግልም ተማሪ፣ ማለፊያው 50 በመቶ። ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ፣ ጋውን ተከራይቶ፣ መውጫ ፈተናውን ያላለፈ ልጅ ዲግሪ አይሰጠውም። ደግሞ መፈተን ግን ይችላል። 300 ማምጣትም የፈለጉትን ዩኒቨርሲቲ አያስገኝም፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ይሰጣሉ።

“ስሙን ትምህርት ቤቱ ያስተካክለዋል”

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ የተጻፈው ስም ሰርተፍኬቱ ላይ የሚወጣው ስም ነው። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የልደት ሰርተፍኬትና መታወቂያ ላይ “ኃይለ” እና “ሀይለ” ወይም የእንግሊዝኛው ፊደል ተለያይቶ ከተገኘ በኋላ ለማስተካከል የሚያስሮጠው ቢሮ ብዛቱ ሌላ ነው። ምዝገባው ሳይዘጋ ትምህርት ቤት ሂዱና ስሙን፣ ጾታውን፣ ናቹራል ወይም ሶሻል የሚለውን ራሳችሁ በዓይናችሁ እዩት።