በጉግል ካርታ የሚታየውን የገበያ ግርግር በኮድ መሰብሰብ

ጉግል ካርታ ላይ የአንድን ካፌ ወይም ሱፐርማርኬት ስም ሲነኩ ከአድራሻው በታች ትንንሽ ዓምዶች ይመጣሉ። ቦታው በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ የሚያሳዩ ናቸው። አገልግሎቱ የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የወቅቱን ሁኔታ የሚያሳየው ዓምድ በ2016 ተጨመረበት። በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር የለም፤ መረጃው የሚመጣው የሄዱበት ቦታ እንዲመዘገብ ከፈቀዱ ሰዎች ስልክ ነው።

ለደንበኛ ዓይቶ ማለፍ ይበቃዋል። የመቶ ሱቆችን ውሎ ለወራት መከታተል የሚፈልግ ግን ኮድ ያስፈልገዋል። ጉግል ለፕሮግራመሮች በከፈተው የቦታዎች ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም መረጃ የሚጠይቅበት መንገድ) የሥራ ሰዓትና የደንበኞች አስተያየት ይገኛል፤ የግርግሩ አኃዝ አይገኝም። ስለዚህ ፖፑላርታይምስን የመሳሰሉ የፓይተን ላይብረሪዎች (በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) በጓሮ በር ይገባሉ፦ ብራውዘር መስለው ጉግልን ይጠይቁና ቁጥሮቹን ከምላሹ ይለቅማሉ። የሚገኘው የሰባት ቀን መረጃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን 24 ቁጥር። በምላሹ ውስጥ አኃዙ ስም የለውም፤ የሚታወቀው በተራ ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ ጉግል አቀማመጡን ትንሽ ሲያዛውረው ኮዱ ይሰበራል። አሠራሩ ከኩባንያው የአጠቃቀም ውል ጋርም ይጋጫል። ይህን ራስ ምታት የማይሹ ቤስትታይምን ከመሰለ አገልግሎት ትንበያ ይገዛሉ።

ጀማሪን የሚያሳስተው ግን ኮዱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ከ0 እስከ 100 ያለው ልኬት የሰው ብዛት አይደለም። 100 ማለት ያ ቦታ ራሱ በሳምንቱ ውስጥ እጅግ የሞላበት ሰዓት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ አንጻር ይሰላል። አራት ወንበር ያላት ጀበና ቡና ቤትም፣ ሺህ ሰው የሚያስተናግድ የገበያ ማዕከልም 100 ሊደርሱ ይችላሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «እኩል ገበያ አላቸው» ማለት እያንዳንዱን በገዛ ክንዱ ለክቶ ቁመታቸው እኩል ነው እንደማለት ነው። አንዱን ቦታ ከራሱ ጋር፣ ማክሰኞን ከቅዳሜ ማወዳደር ግን ያስኬዳል።

ባዶውም ዜሮ አይደለም። በቂ መረጃ ያልተገኘለት ቤት ዓምድ አይወጣለትም፤ ይህ ደንበኛ የለውም ማለት አይደለም። ፎቅ በፎቅ በተደራረቡ እንደ መርካቶ ባሉ ሱቆች ደግሞ ጂፒኤስ አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል።

በእኛ ሰዓት ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት፦ ቆጠራው የሚነሳው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ በ13 የተመዘገበው ቁጥር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መጻፍ አለበት።