መስከረም ከጠባ ብርድ የለም ያላችሁ ማን ነው?

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሆለታ መሬት ያገኘ የከተማ ሰው ችግኝ ሊገዛ ሲመጣ የሚለኝ አንድ ነው። «ብርዱ እኮ ክረምት ነው። መስከረም ከጠባ ፀሐይ ነው፤ ያኔ ቲማቲሜን እተክላለሁ።» ኧረ ተዉ!

ክረምት ላይ የሚቀዘቅዘው ቀኑ ነው። ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፤ ደመናው መሬቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ግን ቀን የገባው ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ያመልጣል። ቀትር ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ የነበረ ሜዳ ሊነጋ ሲል ዜሮ አጠገብ ይደርሳል። ውርጭ የሚመታው ያኔ ነው።

አንድ ደንበኛዬ በጠዋት ደውሎ «ድንቼ ላይ ሰው መድኃኒት ረጭቶበታል» አለኝ። የጠረጠረው ጎረቤቱን ነው። ሄጄ ሳየው ቅጠሉ ጠቁሮ ተኮማትሯል። ተዳፋቱ ላይ ያለው የጎረቤቱ ድንች ደግሞ ምንም አልሆነም፤ ጥርጣሬውም ከዚያ የመጣ ነው። የደንበኛዬን ድንች የመታው ግን ውርጭ ነው፤ ማሳው ሜዳው ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። «ከፍ ያለው ቦታ ይበርዳል» ብሎ ሜዳውን የሚመርጥ ሰው ውርጩን መርጦ ነው የሚገባበት።

መሬታችሁ ሜዳ ከሆነ ኅዳር ላይ በድንችና በቲማቲም አትወራረዱ። ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ይችሉታል። ለችግኝ ከሰዓት በኋላ ውኃ አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ማታ በጭድ ወይም በጆንያ አልብሱት፣ ረፋድ ላይ ግለጡት። ማልበሱን አስታውሶ መግለጡን የሚረሳ አለ። ከዚያ «ችግኝህ በሽተኛ ነው» ብሎ እኔው ላይ ይመጣል።

ሌላም የሚሉኝ አለ። «አቮካዶ ቦሌ ግቢያችን ያፈራል።» ቦሌ ሱሉልታ አይደለማ! ተዳፋትና ሜዳ የአንድ ሠፈር ጉዳይ ነው፤ ከተማ ከከተማ ስታወዳድሩ ግን ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ለምሳሌ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሱሉልታ ከ2,500 በላይ። ቢሾፍቱ ያየኸውን ሁሉ እዚህ አትጠብቅ።

«ባሕር ዛፍ ዝናብ ይጠራል።» አይጠራም።

«ጥቁር መሬት ሁሉን ያበቅላል።» ለምስ ለም ነው። ግን ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ማፋሰሻ ቦይ ሳታወጡ ሐምሌ ላይ ካሮት ብትዘሩበት ይበሰብስባችኋል።

«ፖም ብርድ አይወድም።» ጭራሽ! ብርድ ካላገኘ በቅጡ አያብብም። የሚጎዳው ካበበ በኋላ የሚመጣ ውርጭ ነው፤ ስለዚህ እሱንም ተዳፋቱ ላይ ትከሉት።