ኮዱን የጻፈው ሠራተኛ፣ ባለቤቱ ማን?

ብዙ ፕሮግራመሮች «በእጄ የጻፍኩት ኮድ የእኔ ነው» ብለው ያምናሉ። ተቀጣሪ ከሆኑ ግን በአብዛኛው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ በ2009 በአዲስ መልክ የታወጀው የአውሮፓ ኅብረት የሶፍትዌር መመሪያ፣ ሠራተኛ የሥራ ግዴታውን ሲወጣ ወይም በአሠሪው ትእዛዝ የጻፈው ፕሮግራም ኢኮኖሚያዊ መብት (ፕሮግራሙን የማባዛትና የመሸጥ መብት) የአሠሪው ነው ይላል፤ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር። የአሜሪካ ሕግ ከዚህም አልፎ አሠሪውን ራሱን እንደ ደራሲ ይቆጥረዋል።

ግራ የሚያጋባው «የሥራ ግዴታ» የሚለው ሐረግ ነው። ብዙዎች የቢሮ ሰዓት ማለት ይመስላቸዋል። ሌሊት ቤቷ ቁጭ ብላ የመሥሪያ ቤቷን የደመወዝ ሲስተም ስህተት የምታርም ፕሮግራመር፣ ሰዓቱ የራሷ ስለሆነ ብቻ ኮዱ የራሷ አይሆንም፤ የተቀጠረችበት ሥራ ነውና። የሒሳብ ሠራተኛ ግን በእረፍት ቀኑ፣ በራሱ ላፕቶፕ የቼዝ ጨዋታ ቢሠራ በመርህ ደረጃ የእሱ ነው። «በመርህ ደረጃ» ያልኩት አንዳንድ የቅጥር ውሎች ሠራተኛው በቅጥር ዘመኑ የፈጠረውን ሁሉ ለመጠቅለል ስለሚሞክሩ ነው። ይህ ተገቢ አይመስለኝም።

በፍሪላንስ ሥራ፣ ማለትም ሳይቀጠሩ በክፍያ በሚሠሩት ሥራ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍሎ ማሠራት ብቻውን ባለቤት አያደርግም፤ መብቱ እንዲተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ደረሰኝ ይህን አይተካም።

የግል ፕሮጀክት ካለዎት ከመፈረምዎ በፊት ስሙንና የጀመሩበትን ቀን ጽፈው ከቅጥር ውሉ ጋር ያያይዙ።