መሐል ባልገባ ምንድን ነው?

ሰፈር ውስጥ ኳስ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይሄን ጨዋታ ያውቀዋል። አራት አምስት ልጆች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንድ ወይም ሁለት ልጆች መሐል ይገባሉ። ዙሪያውን ያሉት ይቀባበላሉ፣ መሐል ያለው ለመንጠቅ ይሯሯጣል። ያስነጠቀ ይገባል፣ የነጠቀ ይወጣል። ኳሷ በእግሩ መሐል በሎጬ ያለፈችበትማ ጉዱ ፈላ፤ ሁለት ዙር ይቆያል። ስሙም ከዚያው ከልጆቹ ምኞት የመጣ ይመስላል፦ መሐል ባልገባ።

ስፔኖች ሮንዶ ይሉታል። የሆላንዱ ዝነኛ ተጫዋችና አሰልጣኝ ዮሃን ክራይፍ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1996 ባርሴሎናን ሲያሰለጥን ከልምምዱ አይጠፋም ነበር። ዛሬም ትልልቅ ክለቦች ከግጥሚያ በፊት ሲያሟሙቁ ሲጫወቱት እናያለን። ብዙ ሰው ግን ጡንቻ ማፍታቻ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ለልጅ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የታዳጊዎች ልምምድ ቆሜ ሳይ ነበር። ልጆቹ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ፊታቸው ኮን የሚባለው የልምምድ ምልክት ተደርድሯል። አንዱ ኳሷን በኮኖቹ መሐል እያዞረ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከሰልፉ ጀርባ ይቆማል። ቀሪዎቹ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት አፈር እየጫሩ ነው። ኮን ግን አይነጥቅም። ልጁ ቀና ብሎ ማየት፣ ለማን ላቀብል ብሎ መወሰን አላስፈለገውም። ግጥሚያ ላይ ተጋጣሚ ሲመጣበት የሚጨንቀውም ለዚህ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ በላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድ በንከርና ሮድ ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1982 ያነሱት ነጥብም ይኸው ነበር። ልጆች ቴክኒኩን ይማራሉ፣ መቼና ለምን እንደሚጠቀሙበት ግን አያውቁም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። መጀመሪያ ለዕድሜያቸው የተመጠነ ጨዋታ ይጫወቱ። ቴክኒኩ የሚመጣው ጨዋታው ራሱ ሲጠይቃቸው ነው። በጨዋታ ማሰልጠን የሚባለው ይሄ ነው፤ ለቅርጫት ኳስም ለእጅ ኳስም ይሠራል።

ዕድሜ ግን ይለያል። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ መሐል ባልገባ አይሰጠውም። በዚያ ዕድሜ ኳስ "የኔ" ናት፤ አቀብል ቢሉትም አይገባው፣ ጥፋቱም አይደለም። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ኳስ ስጡና ሌባና ፖሊስ አጫውቱ። ሁለት ፖሊሶች ኳስ የላቸውም። ሌሎቹ ኳሳቸውን እየገፉ ያመልጣሉ። የተነጠቀ ፖሊስ ይሆናል፣ የነጠቀው ኳሷን ይዞ ይሮጣል። አደራ፣ ማንም ከጨዋታ ወጥቶ እንዳይቀመጥ። ቶሎ የሚወጣው ገና ያልጎበዘው ልጅ ነው፤ ልምምዱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ።

ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ለመሐል ባልገባ ደርሰዋል። በአራት ለአንድ ጀምሩ፣ ሲለምዱ አራት ለሁለት አድርጉት። ኳሷ ሁለተኛው ቅብብል ላይ የምትነጠቅ ከሆነ ቦታውን አስፉ። መሐል ያለው ጨርሶ ካልደረሰባት አጥብቡ። የአሰልጣኙ ትልቁ ሥራ ይኼ ማስፋትና ማጥበብ ነው። ዳር ቆሞ "አቀብል! አቀብል!" የሚል አሰልጣኝ ለልጁ ራሱ እየወሰነለት ነው። ከዚያ በላይ ላሉት ሁለት ንክኪ ብቻ ፍቀዱ፤ የነጠቀውም ትንሽ ጎል ላይ ይምታ።

ጎሉ የግድ ነው። በመሐል ባልገባ ብቻ ያደገ ልጅ መቀባበል እንጂ ወደ ፊት መሄድ አይለምድም። ልምምዱን ሁልጊዜ በአራት ለአራት፣ በሁለት ጎል ጨርሱ። አሜሪካ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ልጃቸውን ለልምምድ ወስደው በረኛ የሌለበት ትንሽ ሜዳ ሲያዩ ግር ይላቸዋል። የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን አስቦበት ነው፦ እስከ ስምንት ዓመት አራት ለአራት፣ ከዚያ ሰባት ለሰባት፣ ከዚያ ዘጠኝ ለዘጠኝ። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ የሚመጣው አሥራ ሦስት ዓመት አካባቢ ነው። ሜዳው ሲያንስ እያንዳንዱ ልጅ ኳሷን ቶሎ ቶሎ ያገኛል።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። መሐል ገብቶ መውጣት የሚያቅተው ልጅ አለ። ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እሱ ፊቱ ይቀላል፣ በማግስቱ ይቀራል። ለዚህ መላው ሰዓት ነው። ነጠቀም አልነጠቀም አርባ ሰከንድ ሲሞላ ተቀየር በሉት። እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ከሳምንታት በኋላ ክቡ ላይ ቆሞ ኳሷ ገና ወደ እሱ ስትመጣ አንገቱን አዞረና ከኋላው ያለውን አየ። አቀበለ። ማንም አላስተማረውም ነበር።