የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ሥራው ምንድን ነው?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ የከተማ አስተዳደር ካለ የኮሙኒኬሽን ቢሮ አለ። ብዙ ሰው የዚህን ቢሮ ሠራተኞች የሚያውቃቸው በካሜራቸው ነው። ስብሰባ ላይ ይመጣሉ፣ ከንቲባውን ፎቶ ያነሳሉ፣ ማታ ፌስቡክ ላይ ይለቃሉ። ይህ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትንሽ መሆንም አለበት።

የኮሙኒኬሽን ባለሙያ በተቋሙና በሕዝቡ መካከል መረጃ ወዲህም ወዲያም እንዲያልፍ የሚያደርግ ሰው ነው። ቢሮው የወሰነውን ለነዋሪው ያደርሳል። ነዋሪው የሚያወራውን ደግሞ ሳይሸራርፍ ለኃላፊው ይነግራል። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። አለቃ ፊት ቆሞ «ሰው በዚህ ጉዳይ ተማሯል» ማለት ወኔ ይጠይቃል።

አንድ ማስታወቂያ እንውሰድ። «በመስመር ጥገና ምክንያት የውኃ አቅርቦት መቆራረጥ ሊያጋጥም ስለሚችል ኅብረተሰቡ በትዕግሥት እንዲጠባበቅ እናሳስባለን» ይላል እንበል። መቼ? የት? ለስንት ሰዓት? ምንም የለም። ጎበዝ ባለሙያ መሐንዲሱ ዘንድ ሄዶ ጠይቆ እንዲህ ይጽፈዋል፦ «ነገ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ገበያው አካባቢ ውኃ አይኖርም። ዛሬ ማታ ቅዱ። ከ10 ሰዓት በኋላም ካልመጣ በዚህ ስልክ ደውሉ።» ለእኔ ሙያው እዚህ ላይ ነው ያለው። እናቶች ጀሪካናቸውን በጊዜ ከሞሉ ሥራው ተሠርቷል።

ማስታወቂያው በምን ይድረስ የሚለውም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ዱሮ አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ ቀሪውን ለሰው አፍ ይተወው ነበር። አሁንም ጎጃም ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገር ነገር፣ የዕድር ስብሰባና የገበያ ቀን ከብዙ የፌስቡክ ገጽ ይበልጣሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ በደንብ ታይቷል። ያኔ በእጅ የቀረው ሬዲዮ፣ ሞንታርቦ የጫነ መኪናና የዕድር ዳኞች ስልክ ቁጥር ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የሕግ ግዴታም አለ። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተናግደው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። መልሱ በመደበኛው ከ30 ቀን ማለፍ የለበትም። ቢሮው ከከለከለ ደግሞ ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ስለዚህ ይህ ሰው ካሜራ ይዞ ከአለቃው ኋላ የሚከተል ብቻ ሳይሆን፣ እኔና እናንተ የምናንኳኳው በር ነው።

በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ጠያቂው ይለያል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር የሆነውን የአማራ ልማት ማኅበርን (አልማን) ውሰዱ። ትልቁ አቅሙ የአባላት መዋጮ ነው። ከደመወዙ የሚያዋጣ መምህር «ብሬ የት ገባ?» ይላል፤ ማለትም አለበት። የተሠራውን ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የዘገየውንም መንገር ያስፈልጋል።

በውጭ ለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ ድርጅት ሲሆን ደግሞ ሥራው «ሰክሰስ ስቶሪ» (የስኬት ታሪክ) ይሆናል። ፊልድ ወጥቶ አንዲት እናት ማነጋገር፣ ታሪኳን መጻፍ፣ ፎቶ መላክ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የግድ ነው። የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል የተሰለፈች ሴት ካሜራ ሲቀርብባት እንቢ ካለች ስንዴውን የምትከለከል ሊመስላት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ «ባትፈልጊም ስንዴውን አትከለከዪም» ይባላል። ፎቶው የት እንደሚወጣ ይነገራታል። ልጇ በረሃብ ወይም በበሽታ የተጎዳ ከሆነ ስሙ ይቀየራል፣ ፊቱ አይታይም። ይህን የማያደርግ ባለሙያ፣ ጽሑፉ ምንም ቢያምር፣ ሰው ይጎዳል።

ወደ ሙያው ብዙዎች የሚገቡት ከጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ወይም ከቋንቋ ትምህርት ነው፤ ከሬዲዮ የሚመጡም አሉ። የመንግሥት ሥራ በስኬል የሚከፈል፣ ጸንቶ የሚቆይ ነው። የድርጅቱ የተሻለ ይከፍላል፣ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል፤ የእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍም ይጠይቃል። ለመጀመር ቅጥር አትጠብቁ። የሰፈራችሁን ዕድር ወይም የወጣት ማኅበር ማስታወቂያ ጻፉላቸው፣ ሰው ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ጠይቁ፣ አስተካክሉ፣ ሁለቱንም ቅጂ አስቀምጡ። ቃለ መጠይቅ ላይ «የሠራኸውን አሳየን» ሲሏችሁ የምታወጡት እሱን ነው።